መቁጠሪያ የአንገት ጌጥ ነውን?

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ መናገር ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን መጠኑ ከመዳፍ የማያልፍ፥ ትርጓሜው ግን ሰፊ ስለ ሆነ አንድ የእጅ ሥራ ልናወሳ አሰብን፤ ይኸውም ካቶሊካውያን የሚጸልዩበት መቁጠሪያ ነው። በነቀምቴ፥ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ይህን መቁጠሪያ በአንገታቸው አጥልቀው የሚሄዱ ወጣቶች ይታያሉ። እናቶች «ይህ ለጸሎት የተለየ ዕቃ ነው እንጂ ጌጥ ነውን?» ብለው ሲጠይቁ፥ ልጆቹ «ማማሩ ምን ይከፋል?» ብለው ይመልሳሉ። ነገሩ ቀላል መስሎ ሳለ በውስጡ ቁም ነገር ስላለበት፥ የሁለቱንም ወገን ቃል መርምረን የመሰለንን እንናገራለን።

አስቀድሞ የዕቃው ሥርዓት ይታወቅ። የካቶሊካውያን መቁጠሪያ 59 ፍሬ አለው። ከነዚህም 53ቱ ለእመቤታችን ሰላምታ፥ 6ቱ ለአባታችን ሆይ ጸሎት የተመደቡ ናቸው። ክቡ በአምስት ክፍል ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 10 ፍሬ ይይዛል፤ በክፍልና በክፍል መካከልም ለብቻዋ የተለየች አንዲት ፍሬ ትገባለች። ከክቡ ወደ ታች 5 ፍሬ የተሰካበት፥ በመስቀል የሚፈጸም ፈትል ይወርዳል። ጸሎተኛው ከመስቀሉ ጀምሮ እየቈጠረ ሲሄድ በየክፍሉ ከጌታችንና ከእናቱ ሕይወት አንድ ምሥጢር ያስባል፤ ሰኞና ቅዳሜ የደስታውን፥ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘኑን፥ ረቡዕና እሑድ የክብሩን፥ ሐሙስ የብርሃኑን። አንዱን ዙር ለመፈጸም ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ጣት ይቈጥራል፥ አፍ ይናገራል፥ ልብ ያስባል። ቍጥሩ ለጣት ስለ ተሰጠ ልብ ከመቍጠር ያርፋል፤ የመቁጠሪያም ጥቅሙ ይህ ነው።

ሥርዓቱ በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም። በአውሮጳ ገዳማት መነኮሳቱ 150ውን የዳዊት መዝሙር ሲደግሙ፥ ማንበብ ያልተማረው ሕዝብ በመዝሙሩ ፈንታ አጭር ጸሎት 150 ጊዜ እየቈጠረ ያደርስ ነበር። በ1569 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ የጸሎቱን ሥርዓት በደብዳቤ አጸኑት። ምሥጢራቱም 15 ሆነው ሲኖሩ፥ በ2002 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አምስቱን የብርሃን ምሥጢራት ጨምረው 20 አደረጓቸው። ስለዚህ መቁጠሪያ ከመነሻው ፊደል ላልቈጠረ ሰው እንደ ዳዊት ሆኖ ያገለገለ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ጸሎትን በፍሬ መቍጠር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን 41 ወይም 64 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ ይጸልያሉ፤ 64ቱ እመቤታችን በዚህ ዓለም የኖረችበትን ዘመን የሚያስብ ነው። እስላሞች ወገኖቻችንም በ33 ወይም በ99 ፍሬ ተስቢሕ ያደርሳሉ። የሃይማኖቱ ትምህርት ቢለያይም፥ የሰው ልብ በጸሎት ጊዜ እንደሚባዝንና ጣት እንደሚመልሰው ሁሉም አስተውለውታል።

በወለጋ ደግሞ ነገሩ ሌላ ሥር አለው። ክርስትና በዚያ አገር ሳይስፋፋ አስቀድሞ፥ የኦሮሞ እናቶች ጨሌ የሚባለውን ዶቃ ያከብሩት ነበር። ጨሌ እናት ለልጇ የምታወርሰው፥ በሴቶች የአቴቴ ሥርዓት ውስጥም ስፍራ ያለው ነው እንጂ ለመታየት ብቻ የሚደረግ ጌጥ አልነበረም። የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ፥ በእኛ ዘንድ አቡነ ማስያስ የተባሉት፥ በ1852 ወደ ጉድሩ ደርሰው በአሰንዳቦ ሲቀመጡ የገቡት ዶቃ ትርጉም ወዳለው ሕዝብ ዘንድ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶም ሆላንዳዊው የላዛሪስት ካህን ላምበርት ባርተልስ በምዕራብ ወለጋ ከሕዝቡ ጋር ኖረው፥ ስለ ምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖትና ሥርዓት የሚያስረዳውን መጽሐፋቸውን በ1983 አሳትመዋል። ይህን ሁሉ ማንሣታችን ጨሌና መቁጠሪያ አንድ ናቸው ለማለት አይደለም። ነገር ግን የወለጋ እናት ልጇ ቅዱስ ዕቃ በአንገቷ አድርጋ ስትቀልድ ባየች ጊዜ የምትቈጣው፥ ዶቃን እንደ ተራ ነገር ማየት ከአያቶቿ ስላልተማረች መሆኑን ለማስረዳት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ፤ መልሱ የሚገኘው ከዚያው ነውና። በቤቱ መቁጠሪያ ሊሠራ የሚወድ ሰው ወይራ ወይም ዋንዛ ይምረጥ፤ ወይራው ጠንካራ ነው፥ ዋንዛው ግን ለመጥረብ ይቀላል። ፍሬዎቹ እኩል ተድበልብለው በቀጭን መሰርሰሪያ ወይም በጋለ ወስፌ ይበሱ፥ በብርጭቆ ወረቀትም ይለስልሱ። እያንዳንዱ ፍሬ 8 ሚሊሜትር ቢሆን፥ 59ኙ በአንድነት 47 ሳንቲሜትር ያህል ይወስዳሉ። ፈትሉ ግን ከዚህ ከእጥፍ በላይ ይዘጋጅ፤ በፍሬና በፍሬ መካከል የሚገባው ቋጠሮ ብዙ ፈትል ይበላልና። ፈትሉን በሰም ማሸት ከመበጠስ ይጠብቀዋል። መስቀሉን ከብር ማሠራት የሚሻ ሰው በአንጥረኞቿ ከታወቀችው ከደምቢ ዶሎ ማዘዝ ይችላል። አንዳንዶች ቀይና የሚያምር ስለ ሆነ የኮርች ፍሬ ይሰካሉ። የኮርች ፍሬ ግን መርዝ ያለበት ስለ ሆነ፥ ሕፃናት ባሉበት ቤት እንዳይደረግ አጥብቀን እንመክራለን።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ማሳመሩ አይደለም፤ ቍጥሩን መጠበቁ ነው። ለአንገት ጌጥ የሚሰካ ዶቃ 50 ቢሆን ወይም 70 ማንም አይጠይቅም፤ ማማሩ ብቻ ይበቃል። በመቁጠሪያ ግን ከአንዱ ክፍል አንዲት ፍሬ ብትጐድል ወይም ብትበዛ፥ ጸሎተኛው በጨለማ ሲቈጥር ይሰናከላል። ሠሪው የታመነ መሆኑ የሚታወቀው ማንም በማያይበት ሰዓት በጸሎተኛው ጣት ነው። እንግዲህ በጌጥና በመቁጠሪያ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ጌጥ ለሚያየው ሰው ይሠራል፥ መቁጠሪያ ግን ለሚቈጥረው።

ስለዚህ በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ክርክር እንዲህ እንፈርዳለን። በአንገት ማድረጉ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ መንገደኛና ሠራተኛ እንዳይጠፋበት በአንገቱ ቢይዘው ማን ይነቅፈዋል? ነገር ግን በ1983 የወጣው የካቶሊካውያን የቤተ ክርስቲያን ሕግ የተባረከ ዕቃ በአክብሮት እንዲያዝ፥ ለማይገባው ነገርም እንዳይውል ያዛል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ2002 በጻፉት ደብዳቤ መቁጠሪያ እንደ ክታብ እንዳይቈጠር አስጠንቅቀዋል። እኛም ይህን ተከትለን ልጆቹን አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ በአንገትሽ ያለው መቁጠሪያ ወደ እጅሽ የሚወርደው በሳምንት ስንት ጊዜ ነው? የሚወርድ ከሆነ በአንገትሽ መዋሉ ማደሪያው ነው፤ የማይወርድ ከሆነ ግን እናትሽ የተናገረችው እውነት ነው።

ለወላጆችም የምንለው አለን። ቍጣ ብቻ ልጅን አያስተምርም። እናት ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ፍሬውን አብራ ብትሰካ፥ አሥሩን እየቈጠረች ብታስቋጥራት፥ ልጅቱ በእጇ የደከመችበትን ነገር በአንገቷ አታቃልለውም። ይህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ምሽቶች ይበቃሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የውርስ ነገር ነው። እናት ስታርፍ ልጆች ዕቃዋን ይካፈላሉ። መሬትና ከብት ቢካፈሉት ለየድርሻው ይጠቅማል፤ መቁጠሪያ ግን ለመታሰቢያ ተብሎ ፍሬው ለየልጁ ቢታደል፥ ለሁሉም ጥቂት ዶቃ ይደርሰዋል እንጂ መቁጠሪያው ለማንም አይደርሰውም። ስለዚህ ሳይፈታ ለሚጸልይበት አንድ ልጅ ይሰጥ፤ ሌሎቹም በእርሱ አምሳል አዲስ ይሥሩ። በወለጋ በአንድ ቤት ውስጥ ካቶሊክ፥ ኦርቶዶክስና የመካነ ኢየሱስ ምእመን አብረው ሊገኙ ይችላሉ። በመቁጠሪያ የማይጸልየው ወንድም ቢሆን፥ ፍሬው ያለሰለሰው እናቱ ለልጆቿ ስትለምን ባሳለፈችው ሰዓት መሆኑን አስቦ ያክብረው። አዲስ መቁጠሪያ ከገበያ ይገዛል፤ በእናት ጣት የለሰለሰው ግን ከየትም አይገኝምና፥ ያለው ይጠብቀው።