የአጎቴ ዲኤክስ፣ የዓባይ ዳገትና የዕቁቡ ብር

ባለፈው ሰሞን ቤተሰብ ልጠይቅ አምበር ሄጄ ነበር። አጎቴ ቡናው ገና ሳይፈላ ነው ጉዳዩን ያነሱት። ዕቁብ ደርሷቸዋል። ብሩን ደግሞ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክሳቸው ላይ ሊያፈሱት አስበዋል። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ መካኒክ “ሞተሯን እናውርድና 1600 ሲሲ እንግጠምባት፤ ከዚያ በኋላ ዳገት አትፈራም” ብሏቸዋል።

“አንተ፣ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ ትል የለ? እስቲ አስላልኝ። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?” አሉኝ።

እዚያው ለመመለስ አልደፈርኩም። አጎቴ ይህችን መኪና ለጌጥ አላቆሟትም። በየቀኑ አምበርና ደብረ ማርቆስ የሚመላለሱባት፣ የታመመ ጎረቤት የሚያደርሱባት፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ የሚገቡባት መኪና ናት። የዕቁቡ ብር ያለ ቦታው ከዋለ ሌላ ዕቁብ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን ወስጄ አሰብኩበት።

ለምን አይሸጧትም?

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ “ይሽጧትና የተሻለ ይግዙ” የሚል ነበር። ብዙም አልቆየ፣ ፈረሰብኝ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከ400 በመቶ በላይ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ከዚያ በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። 40 ዓመት ገደማ የሆናት መኪና ዋጋዋ ከመውረድ ይልቅ ሽቅብ ወጣ። አጎቴ “ከገዛኋት በስንት እጥፍ ትሸጣለች” ብለው ይደሰታሉ። እኔ ግን ደስታቸውን ትንሽ ቀነስኩባቸው። መኪናዋ አልተሻለችም፤ ብሩ ነው የወረደው። ሸጠው የሚያገኙት ብር ብዙ ይመስላል እንጂ በዚያ ብር የሚገዛው ሌላ መኪናም አብሮ ተወዷል። መሸጥ ማለት በሌላ ሰው አሮጌ መኪና መለወጥ ነው። የራስህን መኪና ችግር ቢያንስ ታውቀዋለህ።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ አንድ ጠበበ፤ ያለችው መኪና ላይ የትኛው ብር ቀድሞ ይውጣ?

ዳገቱ ላይ ማን ደከመ?

እዚህ ጋ ትንሽ ፊዚክስ ታገሱኝ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ፋብሪካው 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እኛ ጋ 45 ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ካርቡሬተር ያለው መኪና ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ካርቡሬተሩ አየሩ እንደሳሳ አያውቅም። ለቆላ አየር የተመጠነውን ቤንዚን ያወርዳል። አየር ያንሳል፣ ቤንዚን ይበዛል፣ የተረፈው በጥቁር ጭስ በማርሚታ ይወጣል። አጎቴ “ዳገት ፈራች” የሚሏት መኪና በከፊል ቤንዚን ታንቃ ነው። የዚህ መድኃኒት አዲስ ሞተር አይደለም። ካርቡሬተሩን አጽድቶ የቤንዚን ቀዳዳውን ለደጋ አየር መመጠን፣ ካንዴላና ገመድ መቀየር፣ የአየር ማጣሪያ ማጽዳት ነው።

እስቲ ለምሳሌ እናስላ። መኪናዋ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ትጠጣለች እንበል። በወር 100 ሊትር ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ 50 ብር ያልሞላው የአንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 አጋማሽ 100 ብር አልፏል። በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ በወር 10,000 ብር ነው። ጽዳቱና ማስተካከሉ ከዚህ 10 በመቶ ቢቆጥብ በዓመት 12,000 ብር ኪስ ውስጥ ይቀራል። ትልቁ ሞተር ግን 20 በመቶ ተጨማሪ ቢጠጣ በዓመት 24,000 ብር ይወስዳል። ይህ ደግሞ ቤንዚን ከማደያ በተገኘበት ቀን ነው። በሃይላንድ ከሚሸጥ ሰው የሚገዛ ሰው ሒሳቡን ራሱ ያውቀዋል።

መውጣት ሳይሆን መውረድ

አጎቴ የሚያስቡት ስለ መውጣት ነው። እኔን ያስፈራኝ መውረዱ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከአፋፉ እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሰውና ዕቃ ጭና 1,300 ኪሎ የምትመዝን መኪና ያንን ስትወርድ የምታመነጨው ኃይል ግማሽ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ማርሽ ቀንሶ ካልተወረደ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሬን ሲግል መያዝ ይቀንሳል፤ ያረጀ የፍሬን ዘይት ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል።

አሁን በዚህ ፍሬን ላይ የበለጠ ፈጣን ሞተር ጨምሩበት። በኢኮኖሚክስ ተደጋጋፊ ዕቃዎች የምንላቸው አሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። ትልቅ ሞተር ትልቅ ራዲያተር ይጠይቃል፣ የሚችለውን ፍሪሲዮን ይጠይቃል፣ የሚያቆመውን ፍሬን ይጠይቃል። መካኒኩ የነገራቸው የሞተሩን ዋጋ ብቻ ነው። ቀሪው ሒሳብ በኋላ በየተራ ይመጣል፤ ያኔ ዕቁቡ አልቋል።

ሌላም አለ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። ሞተር የሚቀይር ሰው የአዲሱን ሞተር ሕጋዊ ሰነድ ይዞ ለውጡን ማስመዝገብ አለበት። ሰነዱ ከጎደለ ቦሎ ሲታደስም ሆነ መኪናዋ ስትሸጥ ችግር ነው። ገዢ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ሞተሩ ኦርጅናል ነው ወይ?” ብሎ ነው። ይህን ያህል ብር አውጥቶ ዋጋዋን መቀነስ እንዳይሆን።

ኤሌክትሪኩስ?

“ታዲያ ለምን ኤሌክትሪክ አይገዙም?” የምትሉ አላችሁ። በሒሳብ ደረጃ ትክክል ናችሁ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ደጋ ወጣ ብሎ ጉልበቱ አይቀንስም። ዓባይን ሲወርድም ፍሬን ከማጋል ይልቅ ባትሪውን ይሞላል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚመች መንገድ የት ይገኛል?

ግን አምበር ሆናችሁ እዩት። መኪናው በዕቁብ ብር አይገዛም። መብራት ጠፍቶ ያደረ ቀን መኪናውም ቆሞ ይውላል። ሲበላሽ የሚፈታው መካኒክ ቅርብ የለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ መንገድ በሚዘጋና በሚከፈትበት አካባቢ፣ ዲኤክስን ማንኛውም የሠፈር መካኒክ በመፍቻ ያስነሳታል። ይህ ዋጋ በሊብሬ ላይ አይጻፍም፤ ግን ዋጋ ነው።

ፖሊሲው የረሳው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አዲሱ መኪና ምን መሆን እንዳለበት ተወስኗል፤ አሮጌው መንገድ ላይ እንደሚቆይ ግን የታሰበበት አይመስልም። ቤንዚን መኪና እንዳይገባ ሲከለከል ያሉት ረጅም ዕድሜ እንዲነዱ መፍረድ ነው። እንዲህ ከሆነ የፍሬን ሸራ፣ ጎማና የፍሬን ዘይት እንደ ቅንጦት ዕቃ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ሊታዩ ይገባል። ዓመታዊ ምርመራውም ወረቀት ከማኅተም ጋር ማገናኘት ብቻ ሳይሆን ፍሬኑን በእውነት የሚፈትን መሆን አለበት።

በሦስተኛው ቀን ለአጎቴ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጻፍኩላቸው። አንደኛ ፍሬንና ጎማ። ሁለተኛ ራዲያተር። ሦስተኛ ካርቡሬተርና ካንዴላ። ከዚያ የተረፈው ብር ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ ሞተሩ ባለበት ይቆይ።

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። “ሦስት ቀን አስበህ ፍሬን ነው ያልከኝ?” አሉኝ።

“አዎ፣ ጋሼ።”

ትንሽ ዝም አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በሳምንቱ ደወሉልኝ። ፍሬኑ ተሠርቷል፣ ካርቡሬተሩ ተስተካክሏል፣ ጥቁር ጭሱም ቀንሷል። “ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አሁን ግን ቁልቁለቱን ሲወርዱ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስልክ በስልክ አልሆንም።

እናንተስ ቤት የቆመች አሮጌ መኪና ካለች፣ ብሩ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ፍሬኗ መቼ ነው የታየው?