«የቱን ትመርጣለህ?» ሲበዛ

«ቀዩን ሹራብ ነው ሰማያዊውን? ሻይ ይሻልሃል ወተት? ቁርሱን አሁን ነው ከለበስክ በኋላ?» ልጅን ማክበር መጠየቅ ነው ብለን ጠዋት ጠዋት እንዲህ እንላለን። አብዛኞቹ ልጆች አንዱን ጠርተው ይሮጣሉ። ኦቲዝም ላለበት ወይም ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረትና የመቅበጥበጥ ችግር ላለበት ልጅ ግን እያንዳንዷ ጥያቄ ሥራ ናት። ዐሥር ጊዜ ተጠይቆ ዐሥራ አንደኛው ላይ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ቢያለቅስ፣ ያስለቀሰው ካልሲው ላይሆን ይችላል፤ መምረጡ አድክሞት ይሆናል።

ይህ የውሳኔ ድካም ይባላል። ሁላችንንም ይነካል፤ ሲሯሯጥ ውሎ የገባ ሰው «ማታ ምን ይሠራ?» ሲባል «ያገኛችሁትን» የሚለው ለዚህ ነው። እነዚህን ልጆች ግን ቶሎ ይይዛቸዋል፣ ይጸናባቸዋልም። ካደጉ በኋላም አይለቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የብሪታኒያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች መወሰን እንደሚያደክማቸውና እንደሚያስጨንቃቸው መናገራቸውን ያሳያል። በተለይ የከበዷቸው ሦስት ዓይነት ውሳኔዎች ናቸው፤ በችኮላ የሚፈለግ፣ የለመዱትን የሚያስለውጥ፣ ከሰው ጋር መነጋገር የሚጠይቅ።

እነዚህን ሦስቱን ይዘን የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ጠዋት እንየው። ከሰበታ በዓለም ገና ወደ አየር ጤና፣ ከቡራዩ በአሸዋ ሜዳ ወደ አስኮ፣ ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ቤተሰብ ታክሲ ሲይዝ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይመጡበታል። ረዳቱ «ቶሎ ግቡ» ይላል፤ የለመዱት ወንበር ተይዟል፤ መንገዱ ተዘግቶ በሌላ ይዞራል፤ የማያውቁት ሰው «ጠጋ በል» ይላል። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልም ሆነ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል የሚገኙት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። እርዳታ ፍለጋ ከዳር ከተማ የሚመጣ ልጅ በሩ ላይ ሲደርስ የቀኑን አቅም መንገድ ላይ ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ያላወቀ ዘመድ «ቀብጧል»፣ «እናቱ ናት ያበላሸችው»፣ «አንድ ቀን ቢገረፍ ይተወው ነበር» ይላል። ዱላ ግን ያለቀ አቅም አይመልስም፤ በድካሙ ላይ ፍርሃት ይጨምርበታል እንጂ። እናቲቱም በየቤቱ እየተወቀሰች ዘመድ መጠየቅ ትተዋለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? መላው ከባህላችን ሩቅ አይደለም። በሚጾም ቤት ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ይሠራ ወይ ተብሎ አይመከርም፤ ቀኑ ራሱ ወስኖታል። በሚሰገድበት ቤትም ቀኑ በአምስቱ ሰላት የተከፈለ ነው። ዩኒፎርምም በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ ያስቀርልናል። ይህንኑ ማስፋት ነው፤ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ፓስታ ብሎ መወሰን፤ የቅዳሜንም ልብስ ዓርብ ማታ ወንበር ላይ ማስቀመጥ።

መጠየቅ ግድ ሲሆን «ምን ትፈልጋለህ?» ከማለት ሁለት ነገር አሳይቶ «ይህ ነው ይህ?» ማለት ይቀላል። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ልጁ ሳይመልስ ጥያቄውን በሌላ ቃል ብንደግመው ለእርሱ አዲስ ጥያቄ ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። መንገድ ሲቀየርም አስቀድሞ መንገር ነው፤ «ዛሬ በሌላ በኩል ነው የምንሄደው፤ የምንወርደው ግን ያው አየር ጤና ነው።» የተለወጠውንም ያልተለወጠውንም አንድ ላይ ይወቅ።

ከትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ «እንዴት ዋልክ? ምን ተማርክ? ማን መታህ?» አይከተለው። መክሰሱን ሰጥቶ ግማሽ ሰዓት መተው ነው። ወሬው በራሱ ጊዜ ይመጣል።

አያቶች እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አላችሁ። «ብላ፣ ጨምር፣ በሞቴ» ፍቅር ነው፤ ለደከመ ልጅ ግን ሌላ ጥያቄ ይሆንበታል። ከእናንተ ዘንድ ግን እርሱን የሚያሳርፍ ነገርም አለ፤ ቡናው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ቅደም ተከተሉ ስለማይዛነፍ ምን እንደቀረ ያውቃል፣ ማንም ምረጥ አይለውም። ፈንዲሻውን የማዞሩ ሥራ ሁልጊዜ የእርሱ ይሁን። ኤዲኤችዲ በዘር የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ከወላጆቹም አንዱ በልጅነቱ እንዲሁ የተወቀሰ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱም ቢሆን የተደላደለ ቀን ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ጥያቄ መቀነስ ማለት ስለ ልጁ ሁሉን እኛ እንወስን ማለት አይደለም። የካልሲውን ጉዳይ የምናነሳለት ለሚያስጨንቀው ነገር አቅም እንዲተርፈው ነው፤ ከማን ጋር መጫወት እንደሚፈልግ፣ ማን እንዲያቅፈውና እንዳያቅፈው፣ ሲያድግ ምን ሙያ እንደሚይዝ። እነዚህ የእርሱ ናቸው፤ «እምቢ» ሲልም ይሰማ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። ነገ ጠዋት ልጁ ከአልጋው እስኪወርድና ከበር እስኪወጣ ድረስ ስንት ጥያቄ እንደምትጠይቁት ቁጠሩ። ከነገ ወዲያ ግማሹን ማታውኑ ወስናችሁ እደሩ። ሳምንት ያገናኘን።