ስፖርት ከሜዳልያ ባሻገር፦ ከጓዳ ያልወጡትን ወደ ሜዳው እናውጣ

ስፖርት ጤናማና አምራች ዜጋ ለማፍራት ካሉት መሣሪያዎች አንዱ መሆኑ ዘወትር ይነገራል። ይሁን እንጂ ዜጋ ስንል ማንን ማንን እንደምንቆጥር የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። ስፖርት የሰፊው ሕዝብ ነው ካልን፣ ሰፊው ሕዝብ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚሮጠው ወገን ብቻ አለመሆኑን ልንገነዘብ ይገባል።

በዚህ ረገድ አገራችን የምትኮራበት ውጤት አላት። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው እ.ኤ.አ. በ1968 በቴል አቪቭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ወንድዬ ፍቅሬ በ1,500 ሜትር የመጀመሪያውን የብር ሜዳልያ አስገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ትዕግሥት ገዛኸኝ የመጀመሪያውን ወርቅ አመጣች። በ2024 በፓሪስ ደግሞ እርሷና ያየሽ ጌቴ ሁለት ወርቅ ጨመሩ። እነዚህ ጀግኖች የክንድ ወይም የማየት ጉዳት ያለባቸው ሯጮች ናቸው። መቀመጥም ሆነ መናገር የተሳነው፣ በዚያም ላይ የሚጥል በሽታ የተደራረበበት ሕፃን ግን የእነርሱ ድል ብቻውን በሩን አይከፍትለትም።

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የወገራዋን አምባ ጊዮርጊስ እንውሰድ። የደጋው ውርጭ በጠና ጊዜ እንዲህ ያለው ሕፃን ከምድጃው ዳር ሊውል ይችላል። ቤተሰቡ የሚደብቀው ስለጠላው ሳይሆን የሰው ዓይንና አንደበት ስለሚያሳፍረው ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የእናቲቱ ሳይሆን የእኛ የጎረቤቶች ጭምር ነው።

«ዳቦ ሳይሞላ ምን ጨዋታ ያስፈልጋል?» የሚሉ አይጠፉም። ጥያቄው ከችግር የመነጨ በመሆኑ ንቀን አናልፈውም። ሆኖም ሳይንቀሳቀስ የሚውል አካል መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ገላውም ይቆስላል። ሸክሙ በመጨረሻ የሚያርፈው በእናቲቱ ጀርባ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናትና ወጣቶች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ እንዲደረግ ይመክራል፤ ጥቂቱም ቢሆን ከምንም ይሻላል ይላል። አገራችንም በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ በስፖርትና በመዝናኛ መሳተፍን መብት አድርጎታል። አዋጅ ግን ብቻውን ሰውን ከጓዳ አያወጣም።

መሣሪያው ውድ ነው የሚለውም ምክንያት ውኃ አይቋጥርም። ቦቻ የተባለው ጨዋታ ከባድ የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች የሚስማማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮም በፓራሊምፒክ ይካሄዳል። ተጫዋቹ ተቀምጦ ኳሱን ወደ አንዲት ነጭ ኳስ ማስጠጋት ነው። እጁ የማይታዘዝለት በተዳፋት መስመር ላይ ያንከባልላል። ረዳቱ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ መስመሩን የሚያስተካክለው በተጫዋቹ ትእዛዝ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ቁም ነገር ረዳት ማለት በሌላው ፈንታ የሚወስን ማለት አለመሆኑ ነው። ለእኛ የጨርቅ ኳስና አንድ ቁራጭ የቆርቆሮ አሸንዳ ለጅምሩ ይበቃል። ለዓይነ ስውራን ደግሞ ኳሱ ውስጥ ቃጭል ቢገባበት በድምፁ ይከተሉታል።

ስለዚህ የዕድርና የቀበሌ ነዋሪዎች ተግባር ግልጽ ነው። በመጀመሪያ በየቤቱ ያለውን ወገን ማወቅ፤ ቀጥሎም ፀሐይ ሞቅ በምትልበት ሰዓት ደልዳላ ቦታና ተራ ገቢ ረዳት መመደብ፤ ከዚያም የጤና ባለሙያ ማማከር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ማኅበረሰብ ተኮር የተሐድሶ ልምድም አለው። የሚያመውን አካል በግድ ማንቀሳቀስ ግን እርዳታ ሳይሆን ጉዳት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዲት እናት ብቻዋን የተሸከመችው ለመንደሩ የሳምንት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባችን ላይ ከመዋጮው ጋር አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ከመካከላችን እስካሁን ከደጅ ያልወጣው ማነው?