የሠላሳ ሴኮንድ ተኩስ፣ የመቶ ዓመት ቀረርቶ

«አክተሩ አይሞትም!» የካውቦይ ፊልም አይቶ ያደገ የከተማ ልጅ ሁሉ ይህቺን ሕግ ያውቃታል። በሲኒማ ቤት ወንበርም ይሁን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው አክተሩን ለመለየት አይቸገርም። ባርኔጣውን ዝቅ፣ ሽጉጡን ከታፋው አንጠልጠል አድርጎ አቧራማውን መንገድ ብቻውን የሚያቋርጠው እሱ ነው። ጠላቶቹ ስድስት ሆነው ይመጣሉ፤ ስድስቱም ይረግፋሉ። እሱ የሽጉጡን አፈሙዝ እፍ ይላል፣ ፈረሱ ላይ ይወጣል፣ ይሄዳል። ከተማይቱም ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላም አገኘች ይባላል። ሕግ መጣ! ማን አመጣው? ሽጉጥ!

ኧረ ተዉ ጎበዝ!

እኔ እነዚህን ፊልሞች አልጠላም። እንዲያውም እወዳቸዋለሁ። የምጣላው «እውነተኛ ታሪክ ነው» እየተባለ ከሚሰጠን ትምህርት ጋር ነው። ሕግን ያመጣው ፈጣን እጅ ነው ይሉናል። የአሜሪካ ምዕራብ ታሪክ የሚለው ግን ሌላ ነው። አክተሩን አክተር ያደረገውም ሽጉጡ ሳይሆን ብዕር ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ የእኛው የጋዜጠኞች ብዕር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመቃብር ድንጋይ ከተማ

በአሪዞና በረሃ ውስጥ፣ ብር ይቆፈርበት በነበረ አካባቢ፣ ቱምስቶን የምትባል ከተማ አለች። ትርጉሙ «የመቃብር ድንጋይ» ማለት ነው። ከከተማይቱ ጋዜጦች አንደኛው ደግሞ «ኤፒታፍ» ይባላል፤ በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ እንደማለት። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ኦክቶበር 26 ቀን 1881 ከሰዓት በኋላ በዚያች ከተማ ሁለት ወገኖች ተፋጠጡ። በአንድ በኩል ሦስቱ የኧርፕ ወንድማማቾች፣ ቨርጅል፣ ዋያትና ሞርጋን፣ ከወዳጃቸው ከጥርስ ሐኪሙ ከዶክ ሆሊዴይ ጋር ቆሙ። በሌላው በኩል የክላንተን ወንድማማቾችና የመክላውሪ ወንድማማቾች ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሆኑ። ተኩሱ የፈጀው ሠላሳ ሴኮንድ ገደማ ነው። የተተኮሰውም ሠላሳ ያህል ጥይት ነው። ቢሊ ክላንተን፣ ቶም መክላውሪና ፍራንክ መክላውሪ ሞቱ። ቨርጅልና ሞርጋን ቆሰሉ፣ ሆሊዴይን ጥይት ጫር አደረገው። ያን ሁሉ ሲዝትና ሲያቅራራ የነበረው አይክ ክላንተን ሮጦ አመለጠ። ዋያት ኧርፕን ግን አንዲትም ጥይት አልነካችውም።

ዓለም «የኦ.ኬ. ኮራል ውጊያ» እያለ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ጉድ በሉ፤ ውጊያው በኦ.ኬ. ኮራል በረት ውስጥ እንኳ አልነበረም! ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ባዶ ቦታ ላይ ነው የተደረገው። ግን «ፎቶ ቤቱ ጎን የተደረገ ውጊያ» ብለው ፊልም ቢሠሩ ማን ቲኬት ይቆርጣል?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የጠቡ ሥር ብዙ ነው። የተሰረቀ ከብት አለበት፣ ፖለቲካ አለበት፣ ቂምም አለበት። የዕለቱ ሰበብ ግን አንድ ነው። በቱምስቶን ከተማ ውስጥ መሣሪያ ይዞ መዞር በደንብ ተከልክሎ ነበር። ወደ ከተማ የገባ ሰው መሣሪያውን በአደራ ማስቀመጥ አለበት። የከተማይቱ ማርሻል ቨርጅል ኧርፕ ወደዚያ የሄደው «ትጥቃችሁን ፍቱ» ሊል ነው። ልብ በሉ፣ ማርሻሉ ቨርጅል ነው። ፊልሞቹ ማርሻል አድርገው የሾሙት ዋያት በዚያን ቀን የወንድሙ ረዳት ነበረ።

ይህ ደንብ የቱምስቶን ብቻ አልነበረም። በካንሳስ ስመ ጥር በሆነችው ዶጅ ሲቲም መሣሪያ መያዝ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ መንገድ ላይ ተተክሎ እንደነበረ በዘመኑ የተነሣው ፎቶግራፍ ይመሰክራል። የታሪክ ተመራማሪው ሮበርት ዳይክስትራ ዶጅ ሲቲን ጨምሮ አምስት የከብት ንግድ ከተሞችን አጥንቶ፣ ከ1870 እስከ 1885 በአምስቱም ውስጥ የተገደለው ሰው 45 መሆኑን ቆጥሯል። ከተሞቹ ትናንሽ ስለነበሩ ቁጥሩ ቀላል ነው አልልም። ግን ሆሊውድ ይህን ያህል ሰው በአንድ ፊልም፣ ያውም ዕረፍት ሳይደርስ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ ሕግ ወደ ምዕራብ የገባው ሽጉጥ ሲመዘዝ ሳይሆን ሽጉጥ ሲቀመጥ ነው። ፊልሙ ገልብጦ አሳየን።

የጠፋው ችሎት

ከተኩሱ በኋላስ ምን ሆነ? ፊልም ቤት ውስጥ መብራት በራ፣ ሰዉም ወጣ። በ1946 ሄንሪ ፎንዳ የሠራበት የጆን ፎርድ ፊልም «ማይ ዳርሊንግ ክለመንታይን» እና በ1957 በርት ላንካስተርና ከርክ ዳግላስ የሠሩበት የኦ.ኬ. ኮራል ፊልም ተኩሱ ሲያበቃ ያበቃሉ። የፎርድ ፊልም እንዲያውም ዶክ ሆሊዴይን እዚያው ውጊያው ላይ ይገድለዋል። ሰውዬው ግን በ1887 በሳንባ ነቀርሳ አልጋ ላይ ነው የሞተው።

እውነተኛው ቱምስቶን ላይ ግን ፍርድ ቤት ነበረ። ዳኛ ዌልስ ስፓይሰር አንድ ወር ገደማ ተቀምጦ የሁለቱንም ወገን ምስክሮች ሰማ። ቨርጅል በጠብ ውስጥ ያሉትን ዋያትንና ሆሊዴይን ረዳት አድርጎ መውሰዱ የሚያስወቅሰው ነው፤ ነገር ግን ለክስ የሚያበቃ ማስረጃ የለም ሲል ወሰነ። ውሳኔውን ትወዱትም ይሆናል፣ አትወዱትም ይሆናል። ሕግ ማለት ግን ያ ችሎት ነው፤ አሰልቺ፣ ረጅም፣ ምስክር የሚጠራበት። የ1957ቱን ፊልም የሠራው ጆን ስተርጀስ በ1967 ተመልሶ ይህንኑ ችሎት የሚያሳይ ሌላ ፊልም ሠርቷል። እንደ ፊተኛው ግን ስሙ አልገነነም። ችሎት ቲኬት አያሸጥማ!

ሽጉጡ ያመጣው ሰላምስ የታለ? በዲሴምበር 1881 ቨርጅልን በጨለማ ተኩሰው የግራ ክንዱን ከጥቅም ውጪ አደረጉት። በማርች 1882 ሞርጋንን ቢሊያርድ ሲጫወት ከጀርባው ገደሉት። ዋያት ደም ሊመልስ ተነሣ፣ ገደለም፣ በግድያ ተፈላጊ ሆኖ አሪዞናን ለቆ ወጣ። ደም ደምን ጠራ እንጂ ከተማይቱ አልዳነችም።

አክተር እንዴት ይሠራል?

ታዲያ ይህ ሰው እንዴት አክተር ሆነ? በቱምስቶን ሁለት ጋዜጦች ነበሩ። የ«ኤፒታፍ» ባለቤትና አዘጋጅ ጆን ክለም የከተማይቱ ከንቲባም ነበር፤ ከኧርፖች ወገን ነው። የሌላው ጋዜጣ የ«ነጌት» አዘጋጅ ሃሪ ዉድስ ደግሞ የኧርፖች ባላንጣ የሆነው የሸሪፍ ጆኒ ቢሃን ምክትል ነበር። ከንቲባው አዘጋጅ፣ ምክትል ሸሪፉ አዘጋጅ! የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አሉ። አንባቢው መሐል ላይ ቀረ። «ነጌት» በ1882 ተዘጋ። «ኤፒታፍ» ግን ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ አገኘ። የሞተ ጋዜጣ ደግሞ ምስክርነቱ አይሰማም።

ዋያት ኧርፕም ሁሉንም ቀብሮ ኖረ። በ1929 በሰማንያ ዓመቱ በሎስ አንጀለስ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት መካከል የካውቦይ ፊልም ኮከቦቹ ዊልያም ሃርትና ቶም ሚክስ ነበሩበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ስቱዋርት ሌክ የተባለ ጸሐፊ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ በዋያት አፍ የተነገረ ተብሎ የገባው ብዙው ቃል የጸሐፊው ፈጠራ ነበር። የ1946ቱን ጨምሮ ፊልሞች የተሠሩት በዚያ መጽሐፍ ላይ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከመጽሐፉ ጀግና ጋር የማይገጥም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1896 ዋያት ኧርፕ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቦክስ ግጥሚያ ሊዳኝ ሽጉጡን በልብሱ ሸጉጦ መድረክ ላይ ወጣ! ፖሊስ እዚያው ትጥቁን አስፈታው፣ በኋላም መሣሪያ ደብቆ በመያዙ 50 ዶላር ተቀጣ። «ትጥቃችሁን ፍቱ» በተባለበት ቦታ ሦስት ሰው የሞተበት ያ ደንብ ዞሮ መጣበት። እንዲህ ያለውን ፈልስፎ መጻፍ አይቻልም።

እሱ ብቻም አይደለም። በ1867 ሃርፐርስ መጽሔት ዋይልድ ቢል ሂኮክ በአንድ ጎጆ ውስጥ ብቻውን አሥር ሰው ፈጀ ብሎ ጻፈ። በእውነቱ እዚያ የሞቱት ሦስት ናቸው። መጽሔቱ ጀግና ያደረገው ይህ ሰው በ1871 የአቢሊን ከተማ ማርሻል ሆኖ በአንድ ሌሊት ተኩስ መካከል ወደ እሱ የሚሮጥ ሰው አየና ተኮሰ። የገደለው ሊረዳው የመጣውን የራሱን ረዳት ነበር። ፈጣን እጅ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ዓይን ሳያይ ይቀድማል።

ቢሊ ዘ ኪድም በሃያ አንድ ዓመቱ ሃያ አንድ ሰው ገደለ ይባልለታል፤ ተመራማሪዎች ግን አሥር አያደርሱትም። በ1881 የገደለው ሸሪፍ ፓት ጋሬት በዓመቱ የሟቹን የሕይወት ታሪክ በስሙ አሳተመ። ገዳይ የሟችን ታሪክ ሲጽፍ አስቡት! ደግሞ ቢሊ ግራኝ ነው ተብሎ ብዙ ዘመን ተወርቷል። ለምን ቢባል የታወቀው ፎቶግራፉ በዘመኑ አሠራር እንደ መስታወት ተገልብጦ ስለወጣ ነው። በ1958 ፖል ኒውማን የሠራበት ፊልም ይህንኑ ግራኝነት ርዕሱ ላይ ሰቀለው። የተገለበጠ ፎቶ የሰውን እጅ ለወጠ፤ የተገለበጠ ታሪክ የስንቱን አእምሮ ይለውጥ?

በአንጻሩ ባስ ሪቭስን ስንቶቻችን እናውቃለን? ባሪያ ሆኖ የተወለደ ጥቁር ሰው ነው። ከ1875 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ የፌዴራል ምክትል ማርሻል ሆኖ በሺህ የሚቆጠሩ ተፈላጊዎችን ይዞ ለዳኛ አቅርቧል። ሚስቱን የገደለ የገዛ ልጁን ሳይቀር ይዞ ለሕግ ሰጠ። የሆሊውድ የካውቦይ ዘመን ዞር ብሎ አላየውም። በስሙ ትልቅ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የወጣለት በ2023 ነው። ቆዳው አንድ ምክንያት ነው፤ ሥራው ደግሞ ሌላ ይመስለኛል። ሰውን ገድሎ ጥሎ ከመሄድ ይልቅ ወደ ፍርድ ቤት የሚያመጣ አክተር ለእነሱ አክተር አይደለም።

ሁለቱ አዘጋጆች

«ፊልም ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚያስጨንቀኝ አክተር መጠበቅ የለመደ ሕዝብ ነው። አክተር የሚጠብቅ ሰው ምስክር ሆኖ አይቆምም፤ በሩን ዘግቶ በመስኮት ያያል። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን በ1952 የወጣው «ሃይ ኑን» ራሱ ይናገራል። ማርሻሉ ጋሪ ኩፐር በየቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ርዳታ ለመነ፤ ሁሉም ምክንያት ደረደረ። ሲያሸንፍ የማርሻልነት ምልክቱን አፈር ላይ ጥሎላቸው ሄደ። የፊልሙ ጸሐፊ ካርል ፎርማን በዚያው ሰሞን በኮሚኒስትነት ተጠርጥሮ በአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪዎች ፊት ቀርቦ ነበር፤ በኋላም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። በመስኮት የሚያይ ጎረቤት ምን እንደሚመስል ሳያውቅ አልጻፈውም።

ከሁሉ በላይ ግን በ1962 ጆን ፎርድ የሠራው «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» ለእኛ ለጋዜጠኞች የተሠራ ይመስለኛል። ሺንቦን በምትባል ከተማ አንድ ጋዜጣ አለ። የመጀመሪያው አዘጋጅ ፒቦዲ ስለ ወንበዴው ቫላንስ እውነቱን አተመ። ወንበዴዎቹ ቢሮው ገብተው ሊሞት እስኪደርስ ደበደቡት፣ ማተሚያውንም ሰባበሩት። ቫላንስ ሲሞት ገደለው የተባለው ጠበቃ በዚያ ዝና ተመርጦ እንደራሴ ሆነ። እውነተኛው ገዳይ ተረስቶ በድህነት ሞተ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሽማግሌው ፖለቲከኛ ራሱ መጥቶ «የገደልኩት እኔ አይደለሁም» ብሎ ሁሉን ተናገረ። የዚያን ጊዜው አዘጋጅ ምን አደረገ? ማስታወሻውን ቀዳዶ ምድጃ ውስጥ ከተተው!

ያው አንድ ጋዜጣ ነው። አንዱ አዘጋጅ ለእውነት ተደበደበ፤ ሌላው ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ እጁ እውነትን አቃጠለ። በጻፈው የሚደበደብ ሰው ምን እንደሚመስል ለጋዜጣ አንባቢ አላስረዳም። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። የቫላንስ ጅራፍ ይታያል፣ ይቆጠራል። የምድጃው አመድ ግን አይታይም፤ ልጆቻችን የሚማሩት ታሪክ ይሆናል።

ስለዚህ ፊልሙን እዩ፣ አጨብጭቡም። ሲያልቅ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዳኛው የት ሄደ? የሟቾቹ ወገን ምን አለ? ይህን ታሪክ የነገረን ማን ነው? ጋዜጣችሁንም፣ ይህቺን የእኔን ጽሑፍ ጭምር፣ በዚሁ መመዘኛ አንብቡ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቸር ሰንብቱ።