ኪኒኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ደማችሁ ይታይ

የቡሬና የፍኖተ ሰላም አርሶ አደሮች፣ ዛሬ ስለ ማዳበሪያ ሳይሆን ስለ ወባ ነው። የግብርና ባለሙያ ወባ ምን አገባው እንዳትሉ፤ እዚሁ ቡሬ በ1998 እ.ኤ.አ. የተነሳውን ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ከበቆሏችን ጋር አያይዘውታል። የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲያርፍ የወባ ትንኝ እጭ ይመገበዋል።

ብርድ ብርድ ሲለን ከአምና የተረፈች ኪኒን ፈልገን እንውጣለን። እኔ ይሄን አልስማማበትም። ወባ አንድ ዓይነት አይደለችም። ፋልሲፓረም ቶሎ ይገድላል፣ መድኃኒቱ ኮአርተም ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይመለሳል፤ ለሱ የሚሰጠው ክሎሮኪንና ፕሪማኪን ነው። ተምች ለገባበት በቆሎ የዋግ መድኃኒት ትረጫላችሁ እንዴ? ትኩሳቱ ጭራሽ ታይፎይድም ሊሆን ይችላል።

ጤና ኬላ ሂዱ፤ ጣት ተወግቶ በአንዲት ጠብታ ደም ውጤቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይደርሳል። «አጨዳ ላይ ነኝ» ትላላችሁ፣ አውቃለሁ፤ ወባ የምትበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ሥራው ሲበዛ ነው። ግን ተኝቶ ከመሰንበት የግማሽ ቀን መንገድ ይሻላል። ሕፃን ካተኮሰው ደግሞ ነገ አትበሉ። «ወባ የለም» ተብላችሁ ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ ደም በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ጤና ጣቢያ ሂዱ።