ጣቢያውን ያፈረሰው ማን ነው?

በዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችን የቴአትር ክበብ በኒው ዮርክ ከተማ ስለ ፈረሰው ስለ ፔንስልቬንያ ባቡር ጣቢያ አንድ አጭር ቴአትር አሳይቶናል። ተዋንያኑ ስለ ድካማቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ክፉ ሀብታም ላይ መጫናቸውን በበኩሌ አልተቀበልኩትም፤ ምክንያቴንም እነሆ አስረዳለሁ።

ጣቢያው የተከፈተው በ1910 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታላቁ አዳራሹ የተሠራው በጥንታዊት ሮማ የነበረውን የካራካላን መታጠቢያ ቤት አብነት በማድረግ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሕዝቡ ወደ አውቶሞቢልና ወደ አይሮፕላን ዞረ። የባቡሩ ኩባንያ ገቢው ስለ ጎደለበት አዳራሹ አደፈ፤ በመጨረሻም ከሐዲዱ በላይ ያለው ቦታ ለስፖርት አዳራሽና ለቢሮ ሕንፃ እንዲሆን ተወሰነ። በ1962 ጥቂት የሕንፃ መሐንዲሶችና ወዳጆቻቸው ሰሌዳ ይዘው በደጁ ተሰለፉ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ የከተማ ሕዝብ አብሯቸው የቆመው እጅግ ጥቂት ነበር። በጥቅምት 1963 ማፍረሱ ተጀመረ፤ ከፍርስራሹም ብዙው በጎረቤቱ በኒው ጀርሲ ግዛት ረግረግ ላይ ተጣለ።

ብዙው ሕዝብ የነቃው ከዚህ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ አይደለምን? ሆኖም ጩኸቱ ከንቱ አልቀረም። በ1965 ከተማው ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ግራንድ ሴንትራል የተባለው ሌላው ታላቅ ጣቢያ በዚሁ ሕግ ዳነ፤ የአገሪቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ለከተማው ፈረደለት።

ይህን ሁሉ በመድረኩ ላይ አላየንም። መጋረጃው የተዘጋው ሀብታሙ እየሳቀ ነው። እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ ሀብታሙን ረግሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ራሱን አይጠይቅም። ደራሲው እኔ ብሆን ኖሮ አንድ ሰው እጨምር ነበር፤ ይኸውም ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ በየቀኑ በሰልፈኞቹ አጠገብ የሚያልፍ፣ ከልቡ የሚያዝን፣ ነገር ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ የማይቆም መንገደኛ ነው።

ይህን ሰው የማውቀው ከራሴ ነው። ስሙን ከፈረንሳይኛ የወረሰውን፣ የጂቡቲው ባቡር የመጨረሻ ጣቢያ የነበረውን ለገሃርን በየጠዋቱ አልፈዋለሁ። ቴአትሩን እስካይ ድረስ ግን ቆሜ ተመልክቼው አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ቆምኩ፤ ትምህርት ቤትም አርፍጄ ደረስኩ።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ቴአትሩ በሚመጣው ዓመት እንደገና የሚታይ ከሆነ ያን መንገደኛ አስገቡት። ተዋናይ ቢጠፋ እኔ አለሁ።