ደግ ዋጋ በሚገኝበት ዘመን፤ ከሞሪሸስ ደሴት የንግድ ታሪክ

ነጋዴ ሁሉ ዕቃው በረከሰ ጊዜ ይጨነቃል፤ በተወደደ ጊዜ ግን የሚጨነቅ ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት ብርቱ አሳብ የሚያስፈልገው በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ነው። ለዚህም ምስክር እንዲሆን ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ በህንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘውን የሞሪሸስን ደሴት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሞሪሸስ ሪፐብሊክ ስፋቷ 2,040 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሕዝቧ ከ1,200,000 ይበልጣል። ወርቅም ነዳጅም የላትም፤ ሕዝቧ ከሚበላው እህልም አብዛኛው በመርከብ የሚመጣ ነው። የሸንኮራ አገዳን ሆላንዶች አመጡላት፤ ፈረንሳዮች ተከሉላት፤ ከ1810 ጀምሮ የገዟት እንግሊዞች ደግሞ ደሴቲቱን በሙሉ አንድ የአገዳ እርሻ አደረጓት ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በ1968 ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ ወደ ውጭ አገር ከምትሸጠው ዕቃ ከመቶው ዘጠና የሚበልጠው ስኳር ነበር።

የእንግሊዙ የኤኮኖሚ ሊቅ ጄምስ ሚድ በ1961 ስለዚህች ደሴት ባወጣው ጥናት፣ የሕዝቡ ቍጥር በፍጥነት ሲጨምር ሥራው ግን ስኳር ብቻ መሆኑን አይቶ፣ የወደፊት ዕድሏ የጠበበ መሆኑን ጽፎ ነበር። ሚድ በኋላ በ1977 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ዐዋቂ ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ ነገሩ እርሱ እንደ ፈራው አልሆነም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በ1970 መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ፤ ይኸውም ዕቃ ሠርቶ ወደ ውጭ ለሚልክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውን ያለ ቀረጥ እንዲያስገባና ለተወሰነ ዘመን ከግብር ነጻ እንዲሆን የፈቀደ ነው። በ1975 ደግሞ በሎሜ በተፈረመው ውል መሠረት የኤውሮጳ ማኅበር አገሮች በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ቶን ያህል ስኳር በተወሰነ ዋጋ ሊገዟት ተስማሙ። ይህም ዋጋ በብዙ ዓመታት ከዓለም ገበያ እጅግ የሚበልጥ ነበር።

እንግዲህ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የአገዳው ባለርስቶች ከስኳር ያገኙትን ትርፍ ሁሉ መልሰው በአገዳ ላይ አላዋሉትም። ከፊሉን ከሆንግ ኮንግ ከመጡ ባለሀብቶች ጋራ እየተሻረኩ ልብስ መስፊያና የሱፍ ሹራብ መሥሪያ ፋብሪካ አቆሙበት፤ ከፊሉን በባሕሩ ዳር ሆቴል ሠሩበት። መንግሥትም ርስታቸውን አልወረሰም፤ ነገር ግን ወደ ውጭ ከሚላከው ስኳር ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከነዚህ ፋብሪካዎች የሚላከው ዕቃ ዋጋ ከስኳሩ ዋጋ በለጠ።

ደጉ ዋጋ ግን አልዘለቀም። የኤውሮጳ ኅብረት ከ2006 ጀምሮ የስኳሩን ዋጋ ደረጃ በደረጃ ከመቶው ሠላሳ ስድስት ቀነሰ፤ የስኳሩም ውል በ2009 አበቃ። የልብሱም ንግድ በ2005 የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ በተነሣ ጊዜ ከቻይና ጋራ ፊት ለፊት ተጋጠመ፤ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ብዙ ሴቶችም ሥራቸውን አጡ። ሁለቱ መከራዎች በአንድ ዐሥር ዓመት ውስጥ ሲመጡ ደሴቲቱ ያልወደቀችው፣ ያን ጊዜ ሆቴሉም፣ ባንኩም፣ ነጻ ወደቡም አስቀድመው ስለ ተቋቋሙ ነው። ስኳሩም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም፤ ልዩ ልዩ ዓይነት ስኳር እየተሠራ ይሸጣል፤ አገዳው ተጨምቆ የሚተርፈው ገለባም እየነደደ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሌላ ሰው በውል የሚሰጠን ዋጋ የእኛ ሀብት ሳይሆን የውሰት ገንዘብ መሆኑን ነው። ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይወስደዋል። ይህንም እኛው በአገራችን አይተነዋል። አሜሪካ በአጎዋ ሕግ ያለ ቀረጥ ስታስገባው የነበረውን የኢትዮጵያን ዕቃ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዚያ መብት ባስወጣች ጊዜ፣ ገበያቸውን በዚያ መብት ላይ የመሠረቱ በሐዋሳና በሌሎችም የኢንዱስትሪ ፓርኮች ያሉ ልብስ ሰፊ ፋብሪካዎች ምን ያህል እንደ ተጎዱ የሚዘነጋ የለም።

የገበያ ዋጋም ቢሆን እንደዚሁ ነው። በ2025 መጀመሪያ የዐረቢካ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ ከዚያ በፊት ታይቶ ከማይታወቅ ደረጃ ደረሰ። ይህን በመሰለ ጊዜ ላኪው የሚያገኘው ትርፍ ወዴት ይሄዳል? የምንዛሪው ሥርዓት በ2024 እስኪለወጥ ድረስ አንዳንዱ ላኪ ቡናውን በኪሳራ እየሸጠ፣ በሚያገኘው ምንዛሪ ዕቃ አስመጥቶ ኪሳራውን ያካክስ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ንግድ ዕቃ ያመላልሳል እንጂ ሁለተኛ ሥራ አይወልድም።

አንዳንድ ሰዎች፣ ሞሪሸስ ከአንዲት ወረዳችን የማትበልጥ ደሴት ስለ ሆነች፣ ወደብም ስላላት፣ ለእኛ ምሳሌ አትሆንም ይሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፤ እኛ ለወደብ የምንከፍለውን እርሷ አትከፍልም። ደሴቲቱም ከሥጋት ነጻ አይደለችም፤ በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት በሯን ዘግታ እስከ ጥቅምት 2021 በሙሉ ሳትከፍት በመቆየቷ ሆቴሎቿ ባዶ ሆነው ነበር። ዳሩ ግን እኛ የምንጠቅሰው ስፋቷን አይደለም፤ የነጋዴዎቿን አሳብ ነው።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። የሞሪሸስ የንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1850 ነው፤ በ1919 የተመሠረተው የስኳር አምራቾች ማኅበርም የሁሉንም ስኳር እንደ አንድ ሻጭ ሆኖ ይሸጣል። በውጭ ገዥ ፊት እርስ በርሳቸው ዋጋ እየሰበሩ አይቀርቡም። ላኪዎቻችን ይህን ቢያስቡበት ይጠቅማል።

ስለዚህ ቡና ላኪው ከደጉ ዓመት ትርፍ ከፊሉን ቡናውን ቈልቶና አሽጎ ለመሸጫ ቢያውል፤ አስመጪው ከሚያመጣው ዕቃ አንዱን እንኳ እዚሁ ለማሠራት ቢሞክር፤ ባለሱቁም ለዚህ ዓይነቱ የአገር ሥራ በመደርደሪያው ስፍራ ቢሰጥ፣ ክፉው ዓመት ሲመጣ ባዶ እጃችንን አያገኘንም። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለዋልና፣ ዋጋው ገና እርጥብ ሳለ ማሰብ የነጋዴ ሁሉ ግዴታ ነው።